በሦስት ዓመት ልውጣ ወይስ እስከ ማስተርስ ልቀጥል?

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር የሒሳብ ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመት። የተመዘገብኩት የመጀመሪያ ዲግሪንና ማስተርስን አጣምሮ ለሚሰጠው የአራት ዓመት ትምህርት ነው። በዚያው ለመቀጠል ዘንድሮ በአማካይ 60 ከመቶ ማምጣት ይጠበቅብኛል። አልጀብራው አያሳስበኝም፤ እግር ከወርች ያሰረኝ አናሊሲስ (ስለ ሊሚትና ስለ መጠጋት የሚያጠናው የሒሳብ ክፍል) ነው።

ለምሳሌ ኤክስ ኤን ጊዜ በራሱ ሲባዛ እንመልከት። ኤን እያደገ ሲሄድ፣ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ሊሚቱ (ውጤቱ የሚጠጋው ቁጥር) 1 ላይ 1፣ ከዚያ በታች 0 ነው። ሊሚቱ ስለሚቋረጥ መጠጋቱ ዩኒፎርም የሚሉት ዓይነት (የተፈለገው ቅርበት ላይ ለመድረስ አንድ ኤን ለሁሉም ኤክስ የሚበቃበት) እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን 1ን ራሷን ብናወጣት ሊሚቱ ድፍን 0 ነው፤ ምንም የሚቋረጥ ነገር የለም። መምህሩ አሁንም ዩኒፎርም አይደለም ይላሉ። እስከ 0.9 ብቻ ስንወስድ ደግሞ ይሆናል! ልዩነቱ ምንድን ነው? ማረጋገጫውን እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ኤፕሲሎን (ከሊሚቱ የሚፈቀደው ትንሽ ርቀት) ለምን እንደዚያ እንደሚመረጥ ግን አይገባኝም።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። አራተኛው ዓመት በመደበኛው የተማሪ ብድር ይሸፈናል፤ ወጥቼ ማስተርስን ለብቻው ብማር ግን ብድሩ ሌላ ነው። እናቴ «የጀመርከውን ጨርስ» ትላለች፤ እርሷ ምን አለባት፣ ኤፕሲሎንን አታውቀው!

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የ0.9ን ነገር አስረዱኝ። አራተኛው ዓመት ከዚህ ምን ያህል እንደሚከብድም ሳትደብቁ ንገሩኝ።