ከጅቡቲ ወደ ማስካሊ ደሴት እንዴት እንሻገር?

ሰላም ወገኖች። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከድሬዳዋ በባቡር ወርደን ጅቡቲ ከተማ ነን። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። ሐሳባችን ረጋ ያለ የባሕር ዳርቻ ፈልገን አንድ ቀን መዋል ነው።

ዓርብ ሙሻ ደሴት ሄደን ነበር። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው እንዴት ያምራል! ወገብህ ድረስ ገብተህ የእግርህን ጣቶች መቁጠር ትችላለህ። ግን ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሰዉ ጢም ብሏል፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። አጠገቡ ያለችው ማስካሊ ጸጥ ያለች ናት አሉን።

በማግስቱ ባለጀልባዎቹን ስጠይቅ መልሱ "ጀልባውን ሙሉ ተከራይ" ሆነ። ለአራት ሰው የአስር ሰው ሂሳብ! አንዱ ዋጋ ቀነሰልኝ፤ እሱ ደግሞ በልጅ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉን ስላየሁት አልደፈርኩም። ፈረንሳይኛዬም "ቦንዡር" ላይ ያልቃል፣ መከራከር አልቻልኩም። ውሃ፣ ምሳና የጥላ ድንኳን የራሳችን አለን።

በሥራ ቀን ወደ ማስካሊ በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍል፣ የልጅ ላይፍ ጃኬት ያለው ጀልባ ከየት እናገኛለን?