ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፦ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው «ቅድሚያ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (የሌሊት ነርስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሌሊት ነው። እሑድ ጠዋት ከሥራ ስወጣ እግሬ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፋለሁ፤ ፕሮግራሙን በቀጥታ ስርጭት እከታተላለሁ። እከታተላለሁ ስል፣ መዝሙሩ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነው፤ ስብከቱ መሃል ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

እጸልያለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴንም አነባለሁ። ችግሩ፣ አሁን አሁን ሥራ የማልገባበት እሑድም መሄድ እየከበደኝ ነው። የሚታጠብ ልብስ አለ፣ የሚጠየቅ ዘመድ አለ፣ እንቅልፉም አለ። ጓደኛዬ «ለቤተ ክርስቲያን ቅድሚያ ስጪ» ትለኛለች። እሺ፣ ግን እንዴት? እባካችሁ «ቀዝቅዘሻል» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። እሱን ራሴም ለራሴ ብዬዋለሁ።

መልስ (አጭር ልናገር)

እህቴ፣ ሂጂ። ዕብራውያን 10፥25 «መሰብሰባችንን አንተው» ይላል። አለቀ።

መልስ (በር ላይ የማስተናግደው)

ወንድሜ፣ ጥቅሱን ከመሃል ነው የቆረጥከው። ከፍ ብለህ ቁጥር 24ን ብታነበው «ለፍቅርና ለመልካም ሥራም እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ» ይላል። የምንሰበሰበው ስብከት ለመስማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይበቃ ነበር። መተያየቱን ግን ስልክ አይችለውም። አንቺ ሰባኪውን ታዪዋለሽ፣ አንቺን ግን የሚያይሽ የለም።

እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው የምቀበል ነኝ። ከዚያ ቦታ ብዙ ነገር ይታያል። ሁልጊዜ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ዝምተኛ ናቸው፤ ሰላም ካሉ በኋላ ቃል አይወጣቸውም። የሆነ ጊዜ ቀሩ። እውነቱን ለመናገር እኛ አስተናጋጆቹ ልብ አላልንም። ልብ ያለችው አጠገባቸው የምትቀመጥ ልጅ ናት። ቤታቸው ድረስ ሄዳ ስታያቸው ታመው ተኝተዋል፣ መድኃኒት የሚያመጣላቸው ሰው እንኳ አልነበረም። ያቺ ልጅ አገልጋይ አይደለችም፤ አትዘምርም፣ አታስተምርም። ሥራዋ እዚያ ወንበር ላይ መገኘት ነበር።

ቶማስንም አስቢው። ጌታ ከተነሣ በኋላ በመጀመሪያው ምሽት ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም። ወንድሞቹ ነገሩት፣ አላመነም። ከስምንት ቀን በኋላ ግን አብሯቸው ነበር፤ ጌታንም ያየው እዚያው መሃላቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ እየተጠራጠረም ቢሆን ተመልሶ መምጣቱ ነው። እነሱም «አንተማ ተጠራጣሪ ነህ» ብለው በር አልዘጉበትም።

ስለ ድካምሽ ደግሞ፦ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እሑድን እንደ ዕረፍት ቀን አላገኙትም። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እሑድ ዕረፍት እንዲሆን ያወጀው በ321 ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)፤ ያኔም ገበሬው እርሻውን እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። ከዚያ በፊት እሑድ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። ፕሊኒ የተባለው የአንድ የሮም ግዛት ገዥ በ112 አካባቢ በዘመኑ ለነበረው ንጉሠ ነገሥት ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ እየተሰበሰቡ ለክርስቶስ እንደሚዘምሩ ገልጿል። ከመካከላቸው ባሮች ነበሩ፤ አለቃቸውን ፈቃድ የመጠየቅ መብት እንኳ የሌላቸው። ይህን ያነሣሁት ላሳፍርሽ አይደለም። ከሥራ ሰዓት ጋር መታገሉ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አንቺ ላይ ብቻ አልመጣም።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ቅዳሜ ማታ «ነገ ልሂድ ወይስ አልሂድ?» ብለሽ አትጠይቂ። የደከመ ሰው ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው። የፈረቃ ሰሌዳው የሚወጣ ቀን ወስኚ። የትኞቹን እሑዶች እንደምትገኚ ያኔ ምልክት አድርጊ፤ ከባልደረባ ጋር የሚቀየር ካለ ያኔ ተቀያየሪ። ዘመድ ጥየቃውም ከፕሮግራሙ በኋላ ይሁን። ቅድሚያ መስጠት ለእኔ ይኸው ነው፦ ሌላው ጉዳይ ቦታውን የሚፈልገው ይህ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ሌሊት ሠርተሽ የወጣሽበትን እሑድ ደግሞ ያለ ጸጸት ተኚ። በሳምንቱ መሃል የጸሎት ፕሮግራም ካለ እሱን ያዢ።

መልስ (የመንታ እናት)

የእኔዎቹ ሁለቱም እየዳኹ ነው። ስብከት ከሰማሁ ቆየሁ፤ ውሎዬ ኮሪደር ላይ ነው። ባለፈው አንዷን ይዤ ስንጎራደድ አንዲት እናት መጥታ ተቀበለችኝ፣ «አንቺ ግቢና ተቀመጪ» አለችኝ። ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ምን እንደተሰበከ አትጠይቁኝ። ስልኬ ላይ ብቀር ግን ልጄን ማን ይይዝልኝ ነበር?

መልስ (እናቴን የማስታምም)

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ስርጭቱን እንዲህ አታጣጥሉት። እናቴ ከአልጋ አትነሣም፣ እኔም ትቻት መውጣት አልችልም። ለእኛ ያ ስልክ ትልቅ ነገር ነው። መሄድ ያቃተውና መሄድ የታከተው ሰው አንድ አይደሉም። ደግሞ ያዕቆብ 5፥14 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ወደ እርሱ ይጥራ ይላል። እኛ መሄድ ካልቻልን እናንተ ኑ እንጂ! በር ላይ የምታስተናግደው ወንድሜ፣ ይቺን ለሽማግሌዎቹ አድርስልኝ።

መልስ (በር ላይ የማስተናግደው)

ልክ ነሽ፤ ይህ የእኛ ዕዳ ነው። የእኛዎቹን እነግራቸዋለሁ። አንቺም ያላችሁበትን ሁኔታ ለአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ንገሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ የማይመጡት ስለማያውቁ ነው።

የሌሊት ነርስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ሰሌዳ ሐሙስ ይወጣል፤ ቢያንስ ሁለት እሑድ አስለቅቃለሁ። አንድ ፍርሃት ብቻ አለኝ፦ ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ቢጥለኝስ? አንኮራፋለሁ እኮ።

መልስ (በር ላይ የማስተናግደው)

የሐዋርያት ሥራ 20ን አንብቢ። ጳውሎስ ጢሮአዳ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሰብክ መስኮት ላይ የተቀመጠ አውጤኪስ የሚባል ወጣት እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል። ሞቶ አነሡት፤ ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው፣ ልጁም በሕይወት ተገኘ። ጳውሎስ ግን ስብከቱን አላሳጠረም፤ እስኪነጋ ቀጠለ። ስለዚህ ተኚ፣ ችግር የለም። መስኮት ላይ ብቻ አትቀመጪ።