ሽሬ ላይ ለቀረው አባቴ የመታሰቢያ ግጥም፣ እባካችሁ አስተካክሉልኝ

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የግጥም ነገር የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ። አባቴ በደርግ ዘመን በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ነው የቀረው፣ አስከሬኑ አልመጣም መቃብርም የለውም። አሁን የአያቴ (የእናቴ እናት) መቃብር ጎን ድንጋይ ልናቆምለት ነው፣ በዛው ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ ግጥም አንቺ አንብቢ ተባልኩ። እኔ ሕፃን ነበርኩ ፊቱንም አላውቀው። ስጽፈው ጆሮ ላይ ይሰባበርብኛል፣ እዩት፦

ጀግናው አባታችን ለሀገር ሞተሃል፣
በታሪክ መዝገብ ስምህ በወርቅ ተጽፏል።

ቀጥሎ ‹‹ድንበር ስትጠብቅ ጠላት የጣለህ›› እያለ ይሄዳል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የእናቴ ወንድም ደግሞ ደርግን ይወጋ ከነበረው ከኢሕዴን ጋር ወጥቶ 1982 ጉና ተራራ ላይ ነው የሞተው፣ ልጁ ያን ቀን ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው። ‹‹ጠላት›› ብዬ ሳነብ እሱን እንዴት አድርጌ ነው የማየው?

ስንኝ ቆጣሪ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ከምቱ ልጀምር፣ የመጀመሪያው መስመርሽ የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ መሀሉ ላይ ያርፋል፦ ጀግ-ናው-አ-ባ-ታ-ችን / ለ-ሀ-ገር-ሞ-ተ-ሃል። ሁለተኛው ግን አምስትና ሰባት ሆነብሽ፣ ለዛ ነው የተሰበረው። ፊደል አትቁጠሪ በጆሮሽ ቁጠሪ፣ ሳድሱ (ስድስተኛው ፊደል፣ እንደ ግ እና ው ያለው) ብዙ ጊዜ ከፊቱ ባለው ይዋጣል፣ ‹‹ጀግናው›› ሲጻፍ አራት ፊደል ነው አፍ ላይ ሲወጣ ግን ሁለት ነው። ጠረጴዛ እየመታሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ እጅሽ ከቆመ እዛ ጋ ችግር አለ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ቤቱን ሁሉ በግሥ አትምቺ፣ ሞተሃል ተጽፏል ወድቀሃል እያለ ከቀጠለ አድማጭ ሦስተኛው መስመር ላይ ጆሮውን ይነሳሻል።

ዘራፍ፦
ለወታደር ቀረርቶና ፉከራ ነው የሚያምረው፣ በድሮ ጊዜ ጀግና ሲሞት ፈረሱና መሣሪያው ወጥቶ እየተፎከረ ነበር የሚለቀሰው። ለስላሳ ግጥም ወንድን አይመጥንም ባይ ነኝ። አንድ ሁለት ቦታ ዘራፍ አስገቢበት።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም በዛ ዘመን ለብሼ የነበርኩ ሰው ነኝ። ፉከራ ግዳይ የሚቆጥር ነገር ነው፣ ያንቺ ቤት ውስጥ ሲፎከር የሚቆጠረው የማን ሬሳ ሊሆን ነው? የአጎትሽ ልጅ ተቀምጦ! እንደ ወታደር የምነግርሽ ተይው ነው።
አሁን ስለ እውነቱ። ሽሬ የነበረው የደርግ ሠራዊት 604ኛ ኮር ነው፣ ውጊያውም የድንበር ውጊያ አልነበረም፣ የአንድ አገር ልጆች ነው የተላለቁት። ‹‹ድንበር›› ብለሽ ድንጋይ ላይ ካስቀረጽሽ ነገ የሚያነበው ልጅ የባድመው ጦርነት ይመስለዋል፣ እሱ ከ1990 እስከ 1992 ነው፣ ቦታውም ለሽሬ ቅርብ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ ይለጠፋል። ከሽሬ በኋላ ሠራዊቱ መቀሌንም ለቆ ወጣ፣ በዛ ትርምስ መርዶ በወጉ ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።
አንድ ነገር እናትሽን ጠይቂ፣ አባትሽ ወዶ ነው የሄደው ወይስ በአፈሳ ተይዞ? የውትድርና አዋጁ 1975 ከወጣ ወዲህ ከገበያም ከእርሻም የተወሰደው ብዙ ነው። ተይዞ የሄደን ሰው ‹‹በደስታ ዘመትክ›› ብሎ ማመስገን እሱን መካድ ነው። ሳይወድ ሄዶም ጓዱን ያልጣለ ሰው አለ፣ ለዛ ሰው ክብር ከፈለግሽ ያልሆነውን አትጨምሪበት።

ባለሙሾዋ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ጦርነቱን ትተሽ ሰውየውን ጻፊ። ሙሾ አውራጆቻችን እኮ ‹‹ጀግና ነበር›› ብለው አያልፉም፣ ሟቹን አንተ ብለው እያናገሩ አካሄዱን፣ እርሻውን፣ ለጎረቤት ያደረገውን ነው የሚያነሱት፣ ሰው እንባው የሚመጣው እዛ ላይ ነው። መርዶው የመጣ ቀን የተባለ ሙሾ ይኖራል፣ እናትሽና አክስቶችሽ አንድ ሁለቱን አይረሱትም። ቡና ላይ አስቀምጠሻቸው በስልክሽ ሪከርድ አድርጊ፣ እንዲዘፍኑልሽ አትጠይቂ፣ ስለሱ ብቻ አስወሪያቸው፣ ራሱ ይመጣል።

የሐይቅ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ እርስዎም ዕድሜ ይስጥዎ። እናቴን ጠየቅኳት፣ ከገበያ ነው የያዙት። ቤት እየሠራ ነበር፣ ማገሩ አልቆ ጭቃው ብቻ ቀርቶት፣ ‹‹ስመለስ እመርገዋለሁ ጭድ አዘጋጂ›› ብሎ በሰው ልኮባታል። ጠብቃ ጠብቃ ራሷ መረገችው፣ እኔ ያደግኩት እዛ ቤት ውስጥ ነው፣ ይሄን ግን እስከዛሬ ነግራኝ አታውቅም። እንዲህ ጻፍኩ፦

ግድግዳው ሳይመረግ ጥለኸው የሄድከው፣
ቤትህ ዛሬም ቆሟል እናቴ መረገችው።

አንተ ከወዲህ ቆምክ አጎቴ ከወዲያ፣
ሁለት ሐዘን ገባ ባንዲት እናት ጉያ።

እናት ያልኩት አያቴን ነው፣ ልጇንም አማቿንም ነው ያጣችው።

ስንኝ ቆጣሪ፦
በቃ አገኘሽው! አንድ ቦታ ብቻ፣ ‹‹እናቴ መረገችው›› ሰባት ሆኗል፣ ‹‹እማ መረገችው›› በይው ስድስት ይሆናል፣ ሲነበብም ያንቺ አፍ ይሆናል። ሁለተኛውን አትንኪው። እዚህ ላይ የጭዱን መልእክት የያዘ አንድ ሁለት ስንኝ ከጨመርሽ ለንባቡ ይበቃል፣ ከአስር መስመር አይለፍ፣ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማሽ።

ባለሙሾዋ፦
ሁለተኛውን ስንኝ ከዕለቱ በፊት ለአጎትሽ ልጅ አንብቢለት እህቴ፣ አባቱ ስለተነሳ ሰው ፊት ድንገት አይስማው።

የሐይቅ ልጅ፦
ደወልኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ‹‹የአባቴ ስምም ድንጋዩ ላይ ይግባ፣ ወጪውን እጋራለሁ›› አለኝ። እናቴም እሺ ብላለች። ድንጋዩ ላይ የትኛው ስንኝ ይጻፍ ትላላችሁ?

ጡረተኛው፦
እንግዲያው ሁለተኛው ነው። ከላይ የሁለቱም ስም ከነአባታቸው፣ ከስሩ ሽሬ የካቲት 1981 ዓ.ም. እና ጉና 1982 ዓ.ም.፣ ከዛ ስንኙ። ማዕረግና ድርጅት አትጻፉ። ለጠራቢው በቃል አትንገሩት፣ በወረቀት በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት፣ የሐዘኑን ሐ በሌላ ሀ እንዳይቀይርባችሁ፣ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት በከሰል ድንጋዩ ላይ ጽፎ ያሳያችሁ።