ሬዲዮዎቻችንን በፑሽ ቱ ቶክ ከመተካታችን በፊት ምክር እሻለሁ

በዋሽንግተን ዲሲ ሦስት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎችን በኃላፊነት እመራለሁ። 14 ሠራተኞቻችን እስካሁን የሚነጋገሩት በእጅ በሚያዝ የዩኤችኤፍ ሬዲዮ ሲሆን፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በደንብ ቢያገለግለንም ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ግን አይደርስም። በዚህ ምክንያት አሠሪዬ፣ እንደ ሬዲዮው ቁልፍ ተጭነው የሚናገሩበት፣ ድምፁ ግን በሞባይል ኔትወርክ ወይም በዋይፋይ የሚሄድ ፑሽ ቱ ቶክ ሊያስገባ አስቧል።

ለሙከራ ሁለት መሣሪያዎች ተሰጥተውናል። ከሕንፃ ሕንፃ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሠራተኛው መገኛም በካርታ ላይ ይታያል። ችግሩ የገጠመኝ ወደ ሦስተኛው ምድር ቤት ስወርድ ነው። መታጠፊያው ላይ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ቁልፉን ስጫን ሁለት ጊዜ ጢጥ ብሎ ዝም ይላል። አሮጌው ሬዲዮ ግን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ፣ ከዚያው ቦታ ሆኜ ብጠራ፣ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ በር ላይ ላለው ሰው ይደርሳል። ታች ብቻውን የሚሠራ ልጅ ቢወድቅ ወይም የመኪና ጭስ ቢያፍነው ማን ይሰማዋል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ከዚህ አንጻር ወርኃዊ ክፍያው ቀላል ነገር ነው።

በምድር ቤት ዋይፋይ ዘርግታችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሠራተኛው ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲሻገር ንግግሩ ይቋረጣል ወይ? ወይስ ሬዲዮውን ታች አስቀርቶ ሁለቱን በማገናኛ መሣሪያ ማጣመር ይሻላል? ውሉ ሳይፈረም ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ከባድ ነው።