ምትሃት ለማየት ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስ የሄዳችሁ፣ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገን። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው የምጽፈው። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ቪዛ ወጥቶልናል። እህታችን ሎስ አንጀለስ ናት። ዘመድ ጥየቃው እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ጉዳያችን የምትሃት ትርኢት በአካል ማየት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። እሷን ለእኔ ተዉት።

የተቸገርኩት ማጂክ ካስል ላይ ነው። ሆሊውድ ውስጥ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የምትሃተኞች ክበብ ነው። ዝም ብሎ ትኬት ቆርጦ ዘው የሚባልበት ቤት አይደለም፤ ወይ አባል መሆን፣ ወይ የአባል ግብዣ መያዝ ነው። ማታ ደግሞ ከ21 ዓመት በታች አያስገቡም። ወንድሜ ገና 15 ዓመቱ ነው። የመጫወቻ ካርታ ከእጁ አይጠፋም፤ ትቼው ብገባ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፈኛል። ቅዳሜና እሁድ በቀን ልጆች የሚገቡበት ሰዓት አለ። ታዲያ ግብዣውን ከየት ላምጣ? አባል የሚያውቅ ሐበሻ አለ? ግብዣውን ለማግኘት ካስሉ አጠገብ ካለው ሆቴል ማደርስ ያዋጣል?

ደግሞ አለባበስ ላይ ጥብቅ ናቸው፣ ሱፍና ከረባት። ለልጁ እዚሁ ላሰፋለት ወይስ እዚያ ይረክሳል?

ላስ ቬጋስ ቀለል ይላል። ፔንና ቴለር የሚባሉት ሁለት ምትሃተኞች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪዮ ሆቴል ነው የሚሠሩት፤ ትኬቱን ማንም ይገዛል። መንገዱ ግን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የሄዳችሁ፣ ይሻላል ወይስ አውሮፕላን ልያዝ?