የአማርኛው የሲሜክ ቱቶሪያል በአዲሱ ቨርዥን አልሠራ አለ፤ ቶሎ እንዳያረጅ ምን እናድርግ?

ቆራጣ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ቅዳሜና እሑድ ለጀማሪዎች ሲ ፕላስ ፕላስ እናስተምራለን። የምንጠቀምበት የአማርኛ የሲሜክ ቱቶሪያል 9 ትምህርቶች አሉት (ሲሜክ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚያስገነባ መሣሪያ ነው)። የተዘጋጀው ኡቡንቱ 18.04 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ነው፤ ያኔ የነበረው ሲሜክ 3.10 ነው። የመጀመሪያው መስመር ግን ከሌላ ቦታ እንደተቀዳ «ቢያንስ 2.8» ይላል። ማስጠንቀቂያ እያወጣም ቢሆን ሲሠራ ቆይቷል። አሁን አዲሱን ሲሜክ ከድረ ገጹ ያወረደ ተማሪ ገና 1ኛው ትምህርት ላይ ይቆማል፤ ኤረሩ ከ3.5 በታች ለሆኑ ቨርዥኖች ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ተነሥቷል ይላል። አጠገቡ ኡቡንቱ 22.04 የያዘው ተማሪ ደግሞ ሳይቆም ያልፋል።

ቱቶሪያሉን የምንከታተለው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ለየትኛው ቨርዥን እንጻፍ? ሲበላሽስ ከተማሪው ቀድመን እንዴት እንወቅ? አሮጌው ፒዲኤፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ እየዞረ ነው፤ እሱንስ ምን እናድርገው? በተጨማሪ 7ኛው ትምህርት ጉግል ቴስትን (ኮድ መፈተሻ ላይብረሪ) ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እዚያው እንቀራለን። መላ ያለው ቢነግረን ደስ ይለናል።

ጎርጎራ

ከ1ኛው መስመር ልጀምር። ሲሜክ 4.0 የወጣው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2025) ነው። ከ3.5 በታች የሚጠይቅ ፕሮጀክት አልቀበልም ማለት የጀመረው ያኔ ነው። 3.31 ደግሞ ከ3.10 በታች ለሚጠይቅ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ 2.8ን በ3.5 ተክቶ ማለፍ ችግሩን ለሚቀጥለው ባች ማስተላለፍ ነው።

ያ ቁጥር «እኔ ጋ ያለው ቨርዥን» ማለት አይደለም። ሲሜክ የየትኛውን ጊዜ ጠባይ ይዞ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። ከ3.12 ጀምሮ ሁለት ቁጥሮችን በሦስት ነጥብ አገናኝቶ መጻፍ ይቻላል፦ «3.16...4.0»። የግራው ወለል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ሲሜክ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። የቀኙ «እስከዚህ ድረስ ፈትሸነዋል፣ የአዲሱን ጠባይ ተከተል» የሚል ነው። ወለሉን ተማሪው እጅ ላይ ባለው ማሽን ወስኑ፦ ኡቡንቱ 20.04 ይዞ የሚመጣው 3.16ን፣ 22.04 3.22ን፣ 24.04 ደግሞ 3.28ን ነው።

ተማሪዎች ጉግል ሲያደርጉ «ሲሜክ_ፖሊሲ_ቨርዥን_ሚኒመም» የሚባለውን ተለዋዋጭ 3.5 አድርጋችሁ ስጡት የሚል ምክር ያገኛሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ራሳችን ልናስተካክለው ለማንችለው የሌላ ሰው አሮጌ ኮድ ነው። ቱቶሪያሉ ውስጥ ካስገባችሁት ጀማሪው ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ በየፕሮጀክቱ ይለጥፈዋል።

ቀጥሎ ትእዛዞቹ። አሮጌ ቱቶሪያሎች ሁሉ «ቢልድ ፎልደር ፍጠር፣ ግባ፣ ሲሜክ ነጥብ ነጥብ በል፣ ከዚያ ሜክ በል» ይላሉ። ሊኑክስ ላይ ዛሬም ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ግን ሜክ የሚባል ትእዛዝ የለም፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ካልተጫነ ደግሞ ሲሜክ ራሱ ኤንሜክን (የማይክሮሶፍቱን ሜክ) ፈልጎ ሲያጣ ይወድቃል። ሁሉም ቦታ የሚሠራው በሰረዝ ኤስ የኮዱን ፎልደር፣ በሰረዝ ቢ የቢልዱን ፎልደር መስጠት ነው (ከ3.13 ጀምሮ)። ከዚያ ግንባታውን በሲሜክ በራሱ፣ በሁለት ሰረዝ «ቢልድ» ማዘዝ ነው። ይህ ሜክም ይሁን ኒንጃ ወይም ቪዥዋል ስቱዲዮ ከበስተጀርባ ያለውን የግንባታ መሣሪያ ራሱ ይጠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። በቪዥዋል ስቱዲዮ የተገነባው ፕሮግራም የሚቀመጠው ቢልድ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በውስጡ ባለው ዲበግ በሚባለው ፎልደር ነው። የቢልድ ዓይነቱም ኮንፊገር ሲደረግ (ሲሜክ ግንባታውን ሲያዘጋጅ) ሳይሆን ሲገነባ፣ በሁለት ሰረዝ «ኮንፊግ» ነው የሚነገረው። ይህ ካልተጻፈ የዊንዶውሱ ተማሪ ቢልዱ ተሳክቶለት ፕሮግራሙን ግን አያገኘውም፤ ያልሠራለት ይመስለውና ከመጀመሪያው ይደግማል።

አንድ ጨምሬ ላብቃ። ተማሪው ጄነሬተር (ከበስተጀርባ ያለውን የግንባታ መሣሪያ) ሲቀይር አሮጌው ካሽ (ሲሜክ ያስቀመጠው የቀድሞ ቅንብር) «በፊት ከተጠቀምክበት ጋር አይገጥምም» እያለ ያስቸግራል። ከ3.24 ጀምሮ ሁለት ሰረዝ «ፍሬሽ» የሚል አማራጭ አለ። ወለላችሁ 3.16 ከሆነ ግን ተማሪው ላይ ላይሠራ ስለሚችል «ቢልድ ፎልደሩን አጥፍተህ እንደገና ጀምር» ብላችሁ ጻፉ።

ዘጌ

እኔ የምለው ሌላ ነው። ሁለት ሰው ይህን ሁሉ ቨርዥን ሊከታተል አይችልም። አንዱን ምረጡና ሲሜክ በዚፕ የሚወርደውን፣ ኢንስቶለር የማይፈልገውን፣ በፍላሽ ለሁሉም አድሉ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ቨርዥን ከያዘ ችግሩ አለቀ።

ደቅ

ዘጌ፣ ለክፍሉ ሰዓት ልክ ነህ፤ ፍላሹ ለመጠባበቂያ ይኑር። ነገር ግን ተማሪው ቤቱ ሄዶ ሌላ ማሽን ላይ ሲጭን የሚያገኘው አዲሱን ነው። በአንድ ቨርዥን የታሰረ ቱቶሪያል ሲበላሽ ማንም አያየውም፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይሠራል። መታሰር ያለባቸው የሚወርዱት ላይብረሪዎች ናቸው፤ መሣሪያው ራሱ ግን በሁለት ጫፍ፣ በወለሉና በአዲሱ፣ መፈተሽ አለበት።

አፈታተሹ ይህን ይመስላል። ኮዱን ጽሑፉ ውስጥ አትቅዱ። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ፎልደር ይኑር፤ በውስጡ ትምህርቱ ሲያልቅ ሊኖር የሚገባው ሙሉ ኮድና ፕሮግራሙ ማተም ያለበት ውጤት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። ጽሑፉ ኮዱን ከዚያ ፋይል በቀጥታ ያስገባ። የሲሜክ የራሱ ቱቶሪያል የሚኖረው ከሲሜክ ምንጭ ኮድ ጋር እዚያው ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ነው፤ ገጹ የሚሠራውም በስፊንክስ (የሰነድ ማዘጋጃ መሣሪያ) ስለሆነ ኮዱ ከፋይሉ ተስቦ ይገባል። ከዚያ አንድ አጭር ስክሪፕት በየፎልደሩ እየገባ ኮንፊገር ያድርግ፣ ይገንባ፣ ፕሮግራሙን ያስነሣ፣ ውጤቱን ከፋይሉ ጋር ያመሳክር። ማመሳከሩን እንዳትተዉት፤ ተገንብቶ ሌላ ነገር የሚያትም ትምህርትም የተበላሸ ነው።

ሁለቱን ቨርዥን ለማግኘት ትልልቅ የዶከር ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የሚወርድ የሲስተም ቅጂ) ማውረድ አያስፈልግም፤ ዳታ ይቆጥባል። ሲሜክ በፒፕ (የፓይተን መጫኛ) ስለሚጫን ለእያንዳንዱ ቨርዥን አንድ ቬንቭ (ለብቻው የተለየ የፓይተን ፎልደር) ፍጠሩና የምትፈልጉትን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጫኑ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፒፕን ከቬንቭ ውጭ ከሞከራችሁት ሲስተሙ በውጭ አካል የሚተዳደር ነው ብሎ ይከለክላችኋል። በግድ የሚያስጭነውን አማራጭ አትጠቀሙ፣ ለተማሪም አታስተምሩት።

1ኛውን ትምህርት ግን ለብቻው ባዶ የኡቡንቱ ኮንቴይነር ውስጥ ፈትሹት። ፈተናው የሚሄድባቸው የጊትሃብ (የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ) ማሽኖች ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው) ጊቱም አስቀድሞ ተጭኖባቸዋል፤ ስለዚህ የመጫኛ ትእዛዛችሁ ኮምፓይለሩን ቢረሳ እንኳ ፈተናው አረንጓዴ ይሆናል። ባዶው ላይ ግን ሲሜክ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር አላገኘሁም ብሎ ወዲያው ይቆማል። ጀማሪ ተማሪ የሚገጥመውም ይኸው ባዶ ማሽን ነው።

ፈተናው በሳምንት አንዴ በራሱ እንዲሄድ ጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ ቀጠሮ ይያዝለት። ሰዓቱ የሚጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፤ እዚያ 0 ሰዓት ብላችሁ ከጻፋችሁ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ልብ በሉልኝ የምለው ግን ይህን ነው፦ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሪፖ ላይ 60 ቀን ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ጊትሃብ ቀጠሮውን ያቆመዋል። ቱቶሪያል ደግሞ ለወራት ኮሚት የማይደረግበት (ለውጥ የማይመዘገብበት) ሪፖ ነው። ምንም ኤረር አልመጣም ማለት ሁሉም ደኅና ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በእጅ የሚነሣበትንም መንገድ ክፈቱ፣ እያንዳንዱ ባች ከመጀመሩ ሳምንት ቀደም ብሎ አንዳችሁ አስነሡት።

ጢስ ዓባይ

የኢንተርኔቱንና የፒዲኤፉን ነገር እኔ ልመልስ።

7ኛው ትምህርት ጉግል ቴስትን ሲያወርድ ምን ብሎ እንደሚጠራው እዩ። «ሜይን» የሚለውን ቅርንጫፍ ከሆነ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ኮንፊገር በተደረገ ቁጥር አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ኔትወርክ ይጠይቃል፤ አንዴ ካወረዱ በኋላም የምትቀሩት ለዚህ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እናንተ ምንም ሳትነኩ ይሰበራል። ጉግል ቴስት 1.12 ሲ ፕላስ ፕላስ 11ን (የቋንቋውን አሮጌ ቨርዥን) የሚቀበል የመጨረሻው ነው፤ ከ1.13 ጀምሮ 14ን፣ ከ1.17 ጀምሮ 17ን ይጠይቃል። ቱቶሪያላችሁ 11 ላይ ከቆመ አንድ ቀን ጠዋት ክፍሉ በሙሉ የማይገባው ኤረር ያወርድበታል። በኮሚት ሃሽ (በአንዱ የተመዘገበ ለውጥ መለያ) እሰሩት። እጅግ ወደ ኋላም አትሂዱ፤ 1.8.1ን የመሰለ አሮጌ ቨርዥን የራሱ ፋይል ከ3.5 በታች ስለሚል፣ የእናንተን መስመር ብታስተካክሉም ሲሜክ 4 እሱ ላይ ይቆማል።

ለክፍሉ ደግሞ የጉግል ቴስትን ፎልደር በፍላሽ ያዙ። «ፌችኮንቴንት_ሶርስ_ዲር_ጉግልቴስት» የሚለው ተለዋዋጭ (በትልልቅ ፊደል) የፎልደሩን አድራሻ ከተሰጠው ሲሜክ ማውረዱን ትቶ ከዚያ ይወስዳል። ኮዱ ላይ አንድም ፊደል አይቀየርም። ተማሪው ቤቱ ኔትወርክ ሲያገኝ ያንኑ ፋይል ያለ ተለዋዋጩ ይጠቀማል።

ፒዲኤፍ። አንዴ የተላከውን መመለስ አይቻልም፤ ቀጥሎ የሚወጣውን ግን ማስተካከል ይቻላል። የሲሜክ ወለሉና የተፈተሸበት ቀን በየገጹ ግርጌ ይግባ፣ ምክንያቱም ተማሪ የሚላላከው ብዙ ጊዜ የአንድ ገጽ ፎቶ ነው። የፋይሉ ስም ላይም ይጻፍ፤ ቴሌግራም ስሙን እንዳለ ይዞ ይሄዳል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው 2017» ብቻ ካለ አንዱ ተማሪ ትኩስ ነው ይላል፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጥሮ ያረጀ መስሎት ይተወዋል።

ኮድን ከፒዲኤፍ ማስቀዳት አቁሙ። ሁለቱ ሰረዝ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀየራል፣ ቀጥ ያለው ጥቅስ ወደ ጠማማ ይቀየራል፣ ሜክፋይል ካለ ደግሞ ታቡ ስፔስ ይሆንና «መለያ ጎደለ» የሚል ኤረር ይመጣል። ተማሪው ዓይኑ እያየ ልዩነቱን አያገኘውም። ኮዱ በዚፕ ከፒዲኤፉ ጋር አብሮ ይላክ። ዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚ ስማቸውን በፊደላችን የጻፉ ተማሪዎችም አሉ፤ ዩኒኮድ የማያነቡ አሮጌ ኮምፓይለሮች የፎልደሩን ስም የጥያቄ ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ፋይሉን አያገኙትም። ፕሮጀክቱ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ባለው ፎልደር ይቀመጥ።

በየግሩፑ ለቀሩት አሮጌ ቅጂዎች ያለው መድኃኒት ኤረሩ ራሱ ነው። የኤረሩን ጽሑፍ እንዳለ፣ ሳትተረጉሙ፣ ርእስ አድርጋችሁ አንድ አጭር ገጽ ክፈቱ፤ ከሥሩ በአማርኛ ምክንያቱንና የሚቀየረውን መስመር ጻፉ። የተቸገረ ተማሪ ኤረሩን ገልብጦ ስለሚፈልግ እናንተ ጋ ይደርሳል።

ቆራጣ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተፈታልን። ወለሉን 3.16 አድርገን ከ1ኛው እስከ 3ኛው ትምህርት ወደየፎልደሩ እየለየን ነው። ሁለት ነገር ብቻ፦ የቀኙን ቁጥር ሲሜክ በወጣ ቁጥር እንጨምረው? ደግሞ በጃቫ የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን ግሬድል (ለጃቫ ኮድ የግንባታ መሣሪያ) ይጠቀማሉና ይኸው አካሄድ ይሆናቸዋል ወይ?

ጎርጎራ

አይ፣ በወጣ ቁጥር አትጨምሩ። የቀኙ ቁጥር ባይጨመርም አዲሱ ሲሜክ ይሠራል፤ ጠባዩን ብቻ እናንተ ባላችሁት ልክ ይይዛል። ደቅ ያለው ፈተና በአዲሱ ቨርዥን ካለፈና አዲስ ማስጠንቀቂያ ካላወጣ በኋላ፣ ባች ሊጀመር ሲል ከፍ አድርጉት። ወለሉን ግን ሲያሰኛችሁ አታንሡት። በክፍላችሁ 3.16 የያዘ ማሽን ሲያልቅ፣ ወይም አዲሱ ሲሜክ ስለ ወለሉ ማስጠንቀቅ ሲጀምር ነው የሚነሣው።

ግሬድል ትንሽ ይለያል። ራፐሩ (ከፕሮጀክቱ ጋር የሚቀመጠው የግሬድል ማስነሻ) የግሬድሉን ቨርዥን በፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሚይዝ ሁሉም ተማሪ አንድ ግሬድል ያገኛል። የሚያስቸግረው ጃቫው ነው፦ ጃቫ 21 የጫነ ተማሪ ቢያንስ ግሬድል 8.5 ያስፈልገዋል፤ ካነሰ ቁጥር 65 ያለበት የክላስ ፋይል ኤረር ይመጣበታል። ስለዚህ እነሱ ራፐሩን አስረው የሚፈትሹት በተለያዩ የጃቫ ቨርዥኖች ነው። ቱቶሪያላቸው ላይብረሪ ለመጨመር «ኮምፓይል» የሚል ከሆነም አሁኑኑ «ኢምፕሊመንቴሽን» ይበሉት፤ የድሮው ከግሬድል 7 ጀምሮ የለም። ጄሴንተር (የቀድሞ የላይብረሪ ማከማቻ) የሚል መስመር ካለም ያውጡትና በሜቨን ሴንትራል ይተኩት።