ሲዲኤል አውጥቻለሁ፣ መጀመሪያ የት ልቀጠር?

አዲስ_ገቢ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር ክላስ ኤ ሲዲኤል (የተሳቢ ትራክ መንጃ ፈቃድ) አወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ሁለት ዓመት ኡበር ነድቼ ባጠራቀምኳት። አሁን ሁለት ቦታ ተጠርቻለሁ። አንዱ ትልቅ ካምፓኒ ነው። አምስት ሳምንት ከአሠልጣኝ ጋር ትወጣለህ ይላሉ፣ የዚያን ጊዜ ክፍያ ባትጠይቁኝ ይሻላል። ከዚያ በኋላ በማይል 48 ሳንቲም። ሁለተኛው የአገራችን ሰው ነው፣ አሥራ ምናምን ትራክ አለው። በማይል 65 ሳንቲም፣ በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር)፣ "ሰኞ ናና ቁልፍህን ውሰድ" ነው ያለኝ። ባለቤቴ አራስ ናት፣ ቤት ኪራይ እንደምታውቁት ነው። ልቤ ወደ 65ቱ አዘንብሏል። ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

አሥራ_ስምንት_ጎማ

እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳንቲሙን እርሳው። ለዚያ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ "ስሜ ኢንሹራንስህ ላይ ይገባል ወይ?" የትንንሽ ካምፓኒ ኢንሹራንሶች አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋሉ። ትናንት ሲዲኤል ያወጣ ልጅ ያለምንም ጥያቄ "ሰኞ ና" ከተባለ፣ ወይ ኢንሹራንሱ ለየት ያለ ነው ወይ አንተ መኖርህን ኢንሹራንሱ አያውቅም። የኋለኛው ከሆነ አደጋ የደረሰ ቀን ምን እንደሚከተል አስበው። በቃል አትመን፣ ወረቀቱን አሳየኝ በለው። ደግሞ ይሉኝታ አይያዝህ፣ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲኦቲ ቁጥሩን (ካምፓኒው በመንግሥት የተመዘገበበትን) ተቀበለው። ትራኮችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኤፍኤምሲኤስኤ፣ ሴፈር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታየዋለህ። ባለፉት 24 ወራት ስንት ጊዜ እንደተፈተሸ፣ ስንት አደጋ እንደደረሰ፣ ከተፈተሹት መኪኖች ስንቱ በመቶ ከመንገድ ላይ እንደታገዱ ተቀምጧል፣ የታገዱት መቶኛ ከአገር አቀፉ አማካይ ጋር ጎን ለጎን ነው። የታገዱት መኪኖች መቶኛ ከአማካዩ በጣም ከበለጠ ብዙ ጊዜ መኪኖቹን በደንብ አይጠግንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሙ። በሳምንት 2500 ማይል ነዳህ እንበል። በ65 ሳንቲም 1625 ዶላር፣ በ48 ሳንቲም 1200። ልዩነቱ 425 ይመስላል። ግን በ1099 የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬርን 15.3 በመቶ ሙሉውን አንተ ነህ የምትከፍለው፣ በደብሊው ቱ (ተቀጣሪ ስትሆን) ግማሹን ቀጣሪው ይችልልሃል። የምትቀንሰው ወጪ ከሌለህ ከ1625ቱ ላይ ወደ 230 ዶላር ሄደ። ገና ኢንካም ታክስ አልነካንም። የጤና ኢንሹራንስ የለም፣ ሕፃን ደግሞ አለህ። ትሬይለር ላይ ወጥተህ ብትወድቅ የሠራተኛ ካሳ የለም፣ ሥራ ቢቆም አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ድጎማ) የለም። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን በ1099 ሠርቼ ምንም ሳላስቀምጥ ኤፕሪል ደረሰ። የታክስ ሠሪው ቢሮ ውስጥ ቁጥሩን ስሰማ ውኃ ስጡኝ ነው ያልኩት።

እና ደግሞ፣ መኪናው የእሱ ከሆነ፣ ሎዱን (ጭነቱን) የሚመርጠውም ሰዓቱን የሚወስነውም እሱ ከሆነ፣ አንተ የምን ኮንትራክተር ነህ? አብዛኛውን ጊዜ ሕጉም ተቀጣሪ ነው የሚልህ።

የሚሌው_ሾፌር

እኔ አገር ቤት ተሳቢ ነድቻለሁ። አዲስ አበባ ጅቡቲ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ስምንት ዓመት። እዚህ ስመጣ እንደ ዜሮ ነው የተቆጠረው፣ ተናድጄም ነበር። በኋላ ግን እውነት እንዳላቸው ገባኝ። አገር ቤት ኋላ ማርሽ ስታስገባ ረዳቱ ወርዶ ሠሌዳውን እየደበደበ "ና! ና! ና! በቃ!" ይልሃል። እዚህ ረዳት የለም። 53 ጫማ ትሬይለር፣ ማታ፣ ዝናብ፣ ጠባብ ዶክ (የጭነት ማራገፊያ)፣ አሥር ሾፌር ቆሞ ያይሃል። የአዲስ ሾፌር አደጋ ብዙው ኋላ ሲሄድ ነው። ደጋግመህ ወርደህ እይ፣ ማንም ይሳቅብህ።

አንተ ያለኸው ኦሮራ ነው። የመጀመሪያ ሎድህ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ቢሆንስ? የአይዘንሃወርን ዋሻ ወጥተህ ቁልቁለቱን ስትጀምር ማርሹን ከመውረድህ በፊት ነው የምትቀንሰው፣ መሃል ላይ ከሆነማ ፍሬኑ ይሸትሃል፣ ከሸተተህ ደግሞ ዘግይተሃል። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ በዚያ መንገድ ሰንሰለት ሳትይዝ አትሄድም። ዋዮሚንግ አይ 80 ላይ ደግሞ ባዶ ትሬይለር ነፋስ ይገለብጠዋል። እነዚህን ማን ያሳይህ? ሰኞ ቁልፍ ሰጥቶህ በስልክ የሚያወራህ ሰው? አምስቱን ሳምንት ታገሥ።

እቴቴ_ትራከር (ሚኒሶታ)

ወንዶቹ ትልቁን ካምፓኒ ገነት አስመሰላችሁት እኮ። እኔ ትልቅ ቦታ ነው የጀመርኩት። አሠልጣኜ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ስነዳ ይተኛል፣ እሱ ሲነዳ እኔ እተኛለሁ። በቲም ነው የምንሠራው ማለት ነው፣ የማይሉ ገንዘብ ለእሱ፣ ለእኔ የቀን አበል። ኋላ መሄድ ያስተማረኝ አንድ የትራክ ስቶፕ ላይ ያገኘሁት ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ትልቁንም ጠይቀው፦ አሠልጣኙ እኔ ስነዳ ከፊት ወንበር ላይ ነው ወይስ አልጋ ላይ? ካልተስማማኝ መቀየር እችላለሁ? በስንት ሳምንት ቤቴ እገባለሁ? አራስ ጥለህ ነው የምትወጣው፣ "በሦስት ሳምንት" ካሉህ እሷንም ጠይቃት።

ቦነስ ካሉህ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ተቆራርጦ በዓመት፣ ከዓመት በፊት ብወጣ መመለስ አለብኝ ወይ በል።

ከሁሉም በላይ ሊዝ (ትራኩን ከራሱ ከካምፓኒው እየከፈሉ መከራየት)! ሥልጠናው እንዳለቀ "የራስህ ትራክ ባለቤት ሁን" ይሉሃል። አትንካ። በየሳምንቱ ክፍያው ይቆረጣል፣ ሥራ ኖረም አልኖረም። ሎዱን የሚሰጥህም መኪናውን ያከራየህም አንድ ሰው ነው። እንደ ቀልድ እንዳታየው፣ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 እነዚህ ፕሮግራሞች ጨርሶ ይከልከሉ ብሎ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል።

ሰፈርተኛ

ሀበሻ ሁሉ አጭበርባሪ ነው አትበሉ እንጂ። እኔ የጀመርኩት የአገሬ ሰው ጋር ነው፣ ያውም በደብሊው ቱ። ባለቤቱ ራሱ ሁለት ሳምንት አብሮኝ ወጣ። አባቴ ያረፉ ጊዜ ኦሃዮ ላይ ነበርኩ፣ መኪናውን እዚያው አቁመህ ሂድ ብሎ ትኬቴን ቆረጠልኝ። ትልቅ ካምፓኒ ይህን ያደርጋል? ግን አንድ ነገር ልብ በል፦ ሎግህን (የነዳህበትን ሰዓት መዝገብ) ከቢሮ "እናስተካክልልሃለን" የሚል ሰው ካጋጠመህ ቁልፉን መልስለት። በአንድ ፈረቃ ቢበዛ ለ11 ሰዓት ያህል ነው የሚነዳው፣ ያውም ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ። ፖሊስ ሲይዝ ዲስፓቸሩን (ቢሮ ሆኖ ሎድ የሚመድበውን) አይደለም የሚያቆመው።

አዲስ_ገቢ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

እናመሰግናለን፣ ሁላችሁም። ደወልኩለት። ኢንሹራንሱን ስጠይቀው "አትጨነቅ፣ እሱን እኔ ነኝ የማየው" አለኝ። ወረቀቱን ልይ ስለው ትንሽ ዝም አለና "ሌሎቹ ልጆች እንዲህ አይጠይቁም" አለ። ሴፈር ላይ አየሁት፣ መኪኖቹ ከአማካዩ በእጥፍ ታግደዋል። የትልቁ ካምፓኒ ቀጣሪ ደግሞ አሠልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከፊት ወንበር አይለቅም አለችኝ፣ በጽሑፍ ላኪልኝ ብያታለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው። ባለቤቴ አምስት ሳምንት ስላት እናቷን ልትጠራ ነው።

እቴቴ_ትራከር (ሚኒሶታ)

እናቷ ከመጡማ ሂድ። ትንሽ ፍሪጅና በ12 ቮልት የምትሠራ ምድጃ ያዝ፣ እንጀራውን በየአራት አራቱ አሽገህ። የትራክ ስቶፕ ምግብ በአንድ ወር ሱሪህን ይቀይርሃል።

የሚሌው_ሾፌር

ሰንሰለት እንዴት እንደሚታሰር ግቢው ውስጥ በደረቅ ቀን አሳዩኝ በላቸው። በረዶ ላይ ተንበርክከህ በእጅ ባትሪ መማር ምን እንደሚመስል እኔ ልንገርህ፣ ግን ሌላ ቀን።